የመዝጊያው ትኬት

ታናሿ እህት ገላዋን ልትታጠብ በገባች ቁጥር ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ትታው ትሄዳለች፤ ስልኩም ይንጫጫል። ታላቋ «ሁለተኛ አላይም» ብላ ትምላለች፣ ምላም ታያለች። «ንቢት፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር» ይላል አንዱ። «ንቢት፣ ዕድሜ ይስጥሽ» ትላለች ሌላዋ። ታላቋ ስልኩን በፊቱ ትደፋውና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ቆሽቷ ግን እርር ድብን ይላል።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግሩፑ የእሷ ነበር። ፕሮግራም መጻፍ የሚማሩ ሰዎች በኦንላይን የሚጠያየቁበትን ይህን ግሩፕ የከፈተችው፣ ስም ያወጣችለት፣ ደንብ የጻፈችለት እሷ ናት። ማተሚያ ቤት ውስጥ የሒሳብና የትዕዛዝ ፕሮግራሞችን እየጠገነች የምትኖር ቁጥብ ሴት ናት። ለተጠየቀችው ትመልሳለች፣ መልሷም ትክክል ነው፣ ከዚያ በላይ አንድ ቃል አትጨምርም። የትምህርት ቤት የኮምፒውተር መምህር የሆነችው ታናሽ እህቷ ግሩፑን የተቀላቀለችው ዘግይታ ነው። ገብታም ዝም አላለች። ለሁሉም ሰላምታ፣ ለሁሉም ቀልድ፣ ኮዱ አልሠራ ላለው ማጽናኛ አላት። እዚህም እዚያም ስትል ጊዜ «ንቢት» አሏት። ታላቋን «እትዬ» ይሏታል። ክብር ነው፤ ግን ለአሮጌ ሶፋም ቢሆን እንዲህ ያለ ክብር ይሰጠዋል፣ ማንም አይጥለውም፣ ማንም አይቀመጥበትም።

ለተማሪዎች የኮዲንግ ውድድር እናዘጋጅ የሚለው ሐሳብም የንቢት ነው። አዳራሽ መከራየት፣ ልጆቹን ምሳ ማብላት፣ ለኢንተርኔት መክፈል ያስፈልጋል፤ ገንዘብ ግን የለም። አንድ ምሽት በራት ሰዓት ሹካዋን እያወዛወዘች ነገሩን አነሳችው።

«እታለም፣ ዕጣ ብናወጣስ? አባላቱ ስጦታ ያዋጣሉ፣ ትኬት እንሸጣለን፣ በቀጥታ ስርጭት ዕጣ ይወጣል።»

«ማን ይሰጥሻል?» አለች ታላቋ።

ሁሉም ሰጣት። ኮምፒውተር ሻጩ አዲስ ላፕቶፕ፣ አናጢው ወንበር፣ አንዷ ነርስ በእጇ የሠራችውን ሹራብ ሰጡ። ትንንሾቹ ስጦታዎች በየምሽቱ በጥያቄና መልስ ታደሉ፤ ላፕቶፑ ለእሑዱ ዕጣ ቀረ። ታላቋ በዚያች ግሩፕ ውስጥ ይህን ያህል ዘመን ስትኖር ሰው አንድ እስክሪብቶ አውጥቶ ሰጥቷት አያውቅም። ጠይቃም አታውቅም። ይህን ሁለተኛውን ግን አላሰበችውም።

«ዕጣ የሚያወጣውን ፕሮግራም አንቺ ትጽፊዋለሽ አይደል?» አለቻት ታናሿ። «ከአንቺ በቀር ማንን አምናለሁ?»

ታላቋ እሺ አለች። ትኬት ግን አልቆረጠችም። ስትጠየቅ ራሴን አሞኛል፣ ነገ እቆርጣለሁ እያለች ሳምንቱን ጨረሰችው። ለንቢት ድግስ ከኪሷ አምስት ሳንቲም ላለማውጣት ነው፣ ሌላ ምክንያት የላትም።

በዚህች ግሩፕ አባላቱ አልፎ አልፎ ዕጣ ሲያወጡ የሚከተሉት ወግ አለ፤ ወጉንም ያወጣችው ታላቋ ናት። ዕጣው እስኪወጣ የሚታየው የትኬት ቁጥር ብቻ ነው፣ የባለዕጣው ስም የሚገለጠው በኋላ ነው። ዕጣው እንደወጣ አንድ ሰው «ይታይ» ብሎ ይጽፋል፤ ኮዱ፣ ማለትም የፕሮግራሙ ጽሑፍ፣ ለሁሉም ይለጠፋል። ያነበበና ንጹሕ መሆኑን ያረጋገጠ «ታየ» ይላል። አንድ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ «ይታይ» ማለት ከማብዛቱ የተነሳ ስሙ ራሱ አቶ ይታይ ሆኖ ቀርቷል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ባይ ነው። ሌላው ወግ የመዝጊያው ትኬት ነው። አዘጋጁ ትኬቱን የሚቆርጠው ሽያጩ ካለቀ በኋላ፣ ከሁሉም መጨረሻ ነው፤ አባላቱን ላለመሻማት። የመጨረሻው ትኬት የማን እንደሆነ ስለዚህ ሁሉም ያውቃል።

ታላቋ ፕሮግራሙን በማተሚያ ቤቱ የምሳ ሰዓት ጻፈችው። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ሥራውን ሲሞክር ነገሩን ለዕድል አይተወውም፤ ውጤቱ በየጊዜው ከተለዋወጠ ስሕተቱን መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ዕጣ የሚያወጣውን መስመር ለጊዜው እንዳይሠራ አደረገችና በቦታው አጭር መስመር አስገባች፦ ሁልጊዜ የመጨረሻውን ትኬት አውጣ። የሙያው ሰው ሁሉ እንዲህ ያደርጋል። ሲጨርስ ደግሞ ያጠፋዋል። እሷም ልታጠፋው ስትል ስልኳ ጠራ። እናቷ ናቸው።

«እህትሽን አየኋት» አሉ እናትየው። «ጎረቤቴ ስልኳ ላይ አሳየችኝ። እንዴት ነው የምትናገረው ልጄ፣ ማር ነው የሚወጣው ከአፏ። አንቺስ ምን እየሠራሽ ነው?»

«ያው ሥራ።»

«በይ እርጃት። ብቻዋን ነው የምትለፋው።»

ታላቋ ስልኩን ዘግታ አጭሯን መስመር አየቻት። የመጨረሻው ትኬት የንቢት ነው። ላፕቶፑ ለንቢት ይወጣል። አቶ ይታይ «ይታይ» ይላል፤ ኮዱ ይለጠፋል፤ አዘጋጇ ለራሷ ያወጣችው ዕጣ ተብሎ ይወራል። እሷማ የሙከራ መስመር ረስቼ ነው፣ ይቅርታ ትላለች፣ መርሳት ወንጀል አይደለም። ጥርጣሬው ግን የሚጣበቀው ላፕቶፑ የደረሳት ሴት ላይ ነው። አንድ ቀን እንኳ፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ያ ስልክ ሌላ ነገር ይንጫጫ። ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው ይባላል። እሷ ግን፣ እኔ አልቆፈርኩም፣ የተቆፈረውን አልደፈንኩም እንጂ፣ እያለች ራሷን አጽናናች። ኮምፒውተሯንም ዘግታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሳሎኑ ስቱዲዮ ሆነ። ታናሿ መጋረጃውን ዘጋች፣ ላፕቶፗን በመጻሕፍት ክምር ላይ አስቀመጠች፣ ፀጉሯን አሥር ጊዜ ነካካች። ታላቋ የራሷን ኮምፒውተር ጭኗ ላይ አድርጋ ከካሜራው ውጪ ተቀመጠች።

«እንግዲህ ሽያጩ ተዘግቷል» አለች ንቢት ለካሜራው። «ለአዳራሹም ለምሳውም የሚበቃ ሆኗል፣ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን የመዝጊያውን ትኬት ልቁረጥ።» ስልኳን ነካ ነካ አደረገችና ወደ እህቷ ዞራ ፈገግ አለች። ታላቋ ፈገግታውን አልወደደችውም፤ ከወዲሁ የደላት መሰላት።

«ጀምሪ እታለም» አለች ታናሿ።

ታላቋ ቁልፉን ተጫነች። ቁጥሮቹ ስክሪኑ ላይ እየተሽከረከሩ ቆዩና ቆሙ። የመጨረሻው ትኬት ነው። ታላቋ ስክሪኑን ትታ የእህቷን ፊት ማየት ጀመረች፤ ሳምንቱን ሙሉ የጠበቀችው ይህንን ፊት ነበር። ፊቱ ግን አልደነገጠም። በደስታ በራ። ታናሿ ከወንበሯ ተነስታ የእህቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

«ወጣልሽ፣ እታለም፣ ወጣልሽ።»

ስክሪኑ ላይ የባለዕጣው ስም ተገልጧል፦ እትዬ። ከሥሩ፣ ትኬት የሚቆርጥ ሰው መልእክት በሚጽፍባት ቦታ፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፦ «ለግሩፓችን መሥራች፣ ከታናሽሽ።»

ቻቱ በመልእክት ተጥለቀለቀ። «እትዬ፣ ይገባሻል።» «ያለ እትዬ ማን እዚህ ይደርስ ነበር።» «እኔን የመጀመሪያዋን ኮድ ያስተማረችኝ እሷ ናት።» ለዓመታት የተመኘችው ጫጫታ ይኸው መጣላት። እሷ ግን አንዱንም በወጉ አላነበበችውም። የምትጠብቀው አንዲት ቃል ነበረች፣ ቃሏም አልዘገየችም።

«ይታይ» አለ አቶ ይታይ።

ንቢት እየሳቀች ኮዱን ለጠፈችው። ከዚያ አቶ ይታይ ጻፈ፦ «ይህ ዕጣ አይደለም። ፕሮግራሙ የሚያወጣው ሁልጊዜ የመጨረሻውን ትኬት ነው። የመጨረሻው ትኬት ደግሞ ፕሮግራሙን የጻፈችው ሴት ትኬት ነው። አንብቡት።»

አነበቡት። «እትዬም?» አለ አንዱ። «እጅ ከፍንጅ» አለ ሌላው። «የእኔ ገንዘብ ይመለስ።» «የእኔም።» «አዳራሹ ይቅርብን፣ እንዲህ ባለ ገንዘብ ልጆች አይወዳደሩም።» ንቢት ማይኩን ዘጋችና ጎንበስ ብላ በእህቷ ኮምፒውተር ላይ መስመሯን ፈለገቻት።

«ውይ፣ የሙከራ መስመር ነው፣ ረስተሽው ነው» አለች። ማይኩን ልትከፍት እጇን ዘርግታ ቆም አለች። «እንዴ፣ ቆይ። ትኬቱ በስምሽ መሆኑን አታውቂም ነበር።»

ታላቋ ፊቷን አዞረች።

«የእኔ መስሎሽ ነበር» አለች ታናሿ። ጥያቄ አልነበረም። ታላቋ ምንጣፉን ስታይ፣ ቻቱ ሲሮጥ፣ ሁለቱ እህትማማቾች አጠገብ ለአጠገብ ቁጭ አሉ። የተናደደ ሰው ፊት ታውቃለች ታላቋ፤ ይህ ሌላ ነበር። በሕፃንነታቸው በሩን በታናሿ ጣት ላይ የዘጋችባት ጊዜ ያየችው ፊት ነው፤ ሆን ብላ ነው ወይስ ሳታውቅ እያለ የሚፈልግ ፊት። ያኔ ሳታውቅ ነበር።

ታናሿ ማይኩን ከፈተች።

«ስሙኝማ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ይህች የሙከራ መስመር ናት። ሳታጠፋት ቶሎ በይ፣ ሰዓት ደረሰ እያልኩ ያጣደፍኳት እኔ ነኝ። ትኬቱንም በስሟ የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ አልነገርኳትም። አሁን መስመሯን እያያችሁ እናጠፋታለን፣ ዕጣውም እንደገና ይወጣል።»

ቻቱም ወዲያው መለስ አለ። «ንቢት፣ ጥፋትን እንዲህ የሚሸከም ሰው አላየሁም።» «እንዳንቺ ያለች እህት ለሁሉም ይስጠው።» «ንቢት፣ ኮራንብሽ።»

ታላቋ እያንዳንዷን አነበበቻት። ሕሊናዋ ነው ያናገራት ብንል ደስ ባለን ነበር። ግማሹ እውነትም ሕሊና ነው። ግማሹ ግን ያው የለመደችው ቅናት ነው፤ ጥፋቴን እንኳ ወሰደችብኝ፣ በእሱም ተመሰገነችበት የሚል። የእህቷን ላፕቶፕ ከመጻሕፍቱ ክምር ላይ ወደ ራሷ አዞረችው። ስክሪኑ ላይ ፊቷ እንዴት እንደገረጣ አየችና ተናገረች።

«አላጣደፈችኝም። መስመሯ እንዳለች አውቅ ነበር፣ አውቄ ነው የተውኳት። የመዝጊያው ትኬት የእሷ መስሎኝ ነው። ላፕቶፑ ለእሷ ወጥቶ እንድታፍር ፈልጌ ነው። ቀንቼባት ነው።»

ያቺ ሁልጊዜ የምትሮጥ ቻት ቆመች። በመጨረሻ አቶ ይታይ ጻፈ።

«ታየ።»

ሌላ ሰው ተከተለ። «ታየ።» ከዚያ ሌላ። ታላቋ ራሷ ባወጣችው ቃል ስክሪኑ ሲሞላ ቁጭ ብላ ተመለከተች፤ ይቅርታ ይሁን ፍርድ አልገባትም። ገንዘቤ ይመለስ ያለ ግን ከዚያ በኋላ አልነበረም።

መስመሯን ሁሉም እያያት አጠፋቻት፣ ዕጣ የሚያወጣውንም መስመር መለሰችው። «የእኔን ትኬት ከዕጣው እናስወጣው» አለች በሹክሹክታ።

«አይወጣም» አለች ታናሿ፣ ሳታያት። «ስጦታ ነው፣ አይመለስም።»

ስለዚህ ዕጣው እንደገና ሲሽከረከር ታላቋ እንዳይወጣላት ጸለየች። በዕድሜዋ ለሌላ ሰው መልካም ዕድል እንዲህ ከልቧ ስትለምን የመጀመሪያዋ ነው። ላፕቶፑ በዕረፍት ሰዓቷ ኮድ ለምትማር ለአንዲት የአውቶቡስ ሾፌር ወጣ። ንቢት አጨበጨበች፣ ቀለደች፣ የውድድሩን ቀን አስታወቀች፣ ሁሉንም አመስግና ካሜራውን ዘጋች። ከዚያ ቀልዱም ፈገግታውም ከፊቷ ላይ ጠፋ። መጻሕፍቱን አንድ በአንድ ወደ መደርደሪያቸው መመለስ ጀመረች።

«ዝም ብትይ ኖሮ እኮ እዚሁ ቤት ያልቅ ነበር» አለች። «እኔና አንቺ እንጨርሰው ነበር። አሁን እማዬ ከጎረቤት ትሰማለች።»

«አውቃለሁ።»

«ለምን ተናገርሽ ታዲያ?»

«ሁሉም አንቺን ሲያመሰግን አስችሎኝ ያውቃል?»

ታናሿ ሳቅ አመለጣት፣ አጭር ሳቅ። ወዲያው ዓይኗን እንባ ሞላው፤ ፊቷን በክንዷ ጠረገች። መጋረጃውን ከፈተችና ወደ መኝታ ቤቷ ገባች።

ውድድሩ ተካሄደ፤ ልጆቹም መጡ፣ ምሳቸውንም በሉ። ታላቋ አዳራሹ ውስጥ ገመድ ስትዘረጋና ወንበር ስትደረድር ዋለች። እህትማማቾቹ ዛሬም አብረው ይኖራሉ፤ አብረው ራት ይበላሉ፣ ይቀላለዳሉም። ታናሿ ግን ገላዋን ልትታጠብ ስትገባ ስልኳን ይዛው ትገባለች። ታላቋ ከበሩ ማዶ ሲንጫጫ ትሰማዋለች።