ተያዥ

የክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ለመግባት ተያዥ ያስፈልጋል ሲሏት ትንሿ ሳቀች። ከባንክ የምትበደር መሰላት። አብራት የምታድረው ትልቋ ግን አልሳቀችም። ሁለቱም ነርሲንግ ይማራሉ፤ በዕድሜ ስለሚበላለጡ ዶርሙ ሁሉ ትልቋና ትንሿ ይላቸዋል።

"እኔ ተያዥ እሆንሻለሁ" አለቻት። "ብቻ እንዳታሳፍሪኝ።"

ግሩፑን የሚመራው የክፍሉ ተጠሪ ነው፤ ዳኛው ይሉታል። የፈተናው ሰዓትም፣ የመምህራኑ መልእክትም በእሱ በኩል ይመጣል። ሕጉ አጭር ነው። ዳኛው ለጻፈው ሁሉ የአውራ ጣት ምልክት ይደረጋል። ግሩፑ ውስጥ የተባለ ለተባረረ ሰው አይነገርም። ተያዡ የተባረረበት ደግሞ ሌላ ተያዥ ካላገኘ ይከተላል። ሰው በገዛ ስልኩ ላይ እንዲህ ያለ ጌታ ይሾማል፣ ከዚያም ጨዋነት ይለዋል።

ትንሿ ጨዋ ሆነች። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ተብላ ነው ያደገችው፤ ጠዋት ጠዋት እንደምን አደራችሁ ትላለች፣ አውራ ጣቷን ታደርጋለች፣ ሌላ ነገር አትተነፍስም።

አንድ ቀን ዳኛው፣ መንተባተብ ያለበት ልጅ ክፍል ውስጥ ሲያቀርብ የተቀዳ ድምፁን ለቀቀው። የሳቅ ምልክት ተግተለተለ። ትንሿም አንድ ጨመረች፤ ጣቷ ቀደማት። ትልቋ ብቻ፣ "ይበቃል፣ ነውር ነው" ብላ ጻፈች።

ወዲያው ተባረረች። የሳቁ ምልክት ቀጠለ። ለትንሿ ግን ለብቻዋ መልእክት መጣላት፦ "ተያዥሽ ወጥታለች። ጠባይሽን እናያለን።"

በሳምንቱ፣ አመሻሹ ላይ፣ ዳኛው ጻፈ፦ "የነገው የተግባር ፈተና ከሰዓት መሆኑ ቀርቶ ጠዋት ሆኗል። የቀረ ዓመቱን ይደግማል። ሕጉን አትርሱ።" አውራ ጣቶቹ ተደረደሩ። ትንሿ ቀና ስትል ትልቋ ነጭ ጋውን እየተኮሰች ነው።

"ምን አሉ?" አለቻት ትልቋ፣ ከካውያው ላይ ዓይኗን ሳታነሳ።

"ምንም። የተለመደው ወሬ።"

"እንኳን ገላገሉኝ። ነገ እስከ ምሳ ተኝቼ፣ ተነስቼ እፈተናለሁ።" የተኮሰችውን ጋውን ትንሿ አልጋ ላይ ዘረጋችው። "ይሄ ያንቺ ነው። ኮሌታው ተጨማዶ ነበር።"

እነግራታለሁ አለች ትንሿ በሆዷ። ጥርሴን ቦርሼ ስመለስ እነግራታለሁ አለች። ስትመለስ ትልቋን እንቅልፍ ወስዷታል፤ እሰይ ብላ መብራቱን አጠፋች። በራሷ ያፈረችው እሰይ ማለቷን ስትሰማ ነው።

ጠዋት ጫማዋን በእጇ ይዛ ወጣች። በሩ ሲጥጥ አለ።

"በጠዋቱ የት ነው?" አለች ትልቋ ከብርድ ልብሱ ውስጥ።

"ላይብረሪ።"

"ጎበዝ። በኋላ እንዳላረፍድ ቀስቅሺኝ፣ እሺ?"

"እሺ" አለቻት።

ፈተናው ክፍል በር ላይ ሁሉም ነጭ ለብሶ ተሰልፏል። የሚንተባተበው ልጅም አለ፤ አየት አድርጓት አንገቱን ደፋ። መምህሯ ስም እየጠሩ ያስገባሉ። የትልቋን ስም ሁለቴ ጠሩ። ዳኛው ዞር ብሎ ትንሿን አያት። እሷ የጋውኗን ኮሌታ ታስተካክላለች፤ አንድም መጨማደድ የለበትም።

መምህሯ ወደሚቀጥለው ስም አለፉ። ኪሷ ውስጥ ስልኳ ነዘረ።

"ጨዋ ነሽ። ከዛሬ ጀምሮ ተያዥሽ እኔ ነኝ።"

አውራ ጣቷን አደረገች።