የበረሮው ስም

ገበያነሽ ወረቀቷን አስረክባ ወደ ወንበሯ ስትመለስ የቀበሌው ሊቀመንበር ሲገባ አየችው። የመሠረተ ትምህርቱን የማጠቃለያ ፈተና እሱ ራሱ ሊያነብ ነው አሉ። ወይ ጣጣ! እሷ እኮ ከመምህር ታምሩ ሌላ ማንም የሚያየው አልመሰላትም ነበር።

ጥያቄው ስለ ጽዳት ከተማሩት የወጣ ነበር፤ በረሮ በቤታችሁ ማን ይባላል? ስሙስ ከምን መጣ? መምህሩ «በረሮ» የተባለው ስለሚበር ሳይሆን አይቀርም ብሎ ምሳሌ ሰጥቷቸዋል። አጠገቧ የተቀመጠችው የዳቦ ቤት ሠራተኛዋ ታቢታ መልኩን አይታ «ቀዩ» እንለዋለን ብላ ጽፋ ተገላገለች። ገበያነሽ ግን፣ ምን እንደነካት እንጃ፣ የቤቷን እውነት ጻፈች። ባሏ ሽበሺ በረሮን «ሊቀመንበር» ነው የሚለው፤ ሳያንኳኳ ይገባል፣ ድስት ከፍቶ ያያል፣ ብሎ። በአርባ ሁለት ዓመቷ የተማረችው ፊደል መስመር ይዞ ሲቆምላት ደስ ብሏት፣ ምን እየጻፈች እንደሆነ ልብ አላለችም።

አሁን ነው የገባት። ጎረቤታቸው ከበደ ጠላ ቤት በቀለደው ቀልድ አራት ወር ታስሮ ወጥቷል። ሽበሺ ደግሞ አስም አለበት፤ አራት ወር ቀርቶ አራት ቀን አይችልም።

መምህር ታምሩ ወረቀቶቹን ሲያገላብጥ አንዷ ላይ እጁ ቆመ። ፊቱ አመድ መሰለ። ሊቀመንበሩ ከፊተኞቹ ተማሪዎች ጋር ሲጨባበጥ፣ መምህሩ ወረቀቷን አጠፍ አድርጎ ኮቱ ውስጥ ከተታት።

ሊቀመንበሩ የቀሩትን ተቀብሎ ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ።

«በመዝገቡ ሠላሳ አንድ ሰው ተፈትኗል፤ ወረቀቱ ሠላሳ ነው። አንዱ የት ገባ?»

መምህሩ ውሸት የማይሆንለት ሰው ነው፤ እጁ ሳያስበው ወደ ኮቱ ሄደ። ሊቀመንበሩ በሩ እንዲዘጋ አዘዘና ማንም ሳይፈተሽ አይወጣም አለ። ገበያነሽ ተነሣች።

«የጎደለው የኔ ነው፣ ጓድ።»

«የት አደረሱት?»

«መጻፍ አቃተኝ። ባዶውን ከማስረክብ ብዬ ቅድም ሽንት ቤት ጨመርኩት።»

ስትጽፍ አጠገቧ ሆና ያየቻት ታቢታ አንገቷን ደፋች። ከኋላ ሳቅ ተሰማ።

«ሰባት ወር ሙሉ ተምረው?»

«አልገባ አለኝ። ምን ላድርግ።»

ሊቀመንበሩ ራሱን ነቀነቀና ወረቀቶቹን ብብቱ ሥር አደረገ። የምስክር ወረቀት እንደማታገኝ፣ ከመጀመሪያው ጀምራ እንደምትማር ነገራት። ለዚህም መዝገቡ ላይ ትፈርም አለ።

መምህር ታምሩ መዝገቡን ገልጦ ብዕሩን አቀበላት። ዓይኗን ሊያይ አልቻለም። ከስሟ ፊት ለፊት ያለው ቦታ ባዶ ነው። ስሟን አሳምራ ልትጽፍበት ትችል ነበር፤ ጣቶቿም ብዕሩን እንደተማሩት አድርገው ያዙት። ሊቀመንበሩ እጇን እየተመለከተ ነው።

ብዕሩን መልሳ ለመምህሩ ሰጠችና አውራ ጣቷን ዘረጋች።

«ቀለሙን ያቅርቡልኝ» አለች።