በእግሩ የገባው ሲሚንቶ

አይሰደድማ፣ በደረቀ ሲሚንቶ ውስጥ ያለ የአየር አረፋ ከቦታ ቦታ አይሰደድም፣ ይህን ለማወቅ ዶክተር መሆን አያስፈልግም፣ እኔ እንኳ ከስድስተኛ ክፍል በኋላ ሰው ፈርቼ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልደረስኩት አውቀዋለሁ፣ እናቴ ግራ ቢገባት ነው አጎቴ ቤተ ሙከራ የላከችኝ፣ የሲቲ ስካን ምስል እያየሽ ተቀመጪ ብላ፣ ሦስት ዓመቴ። ግራጫ ክብ። ሌላ ግራጫ ክብ። ክንዴን የሚያክል የሲሚንቶ ቁራጭ ስድስት መቶ ስስ ምስል ይወጣዋል፣ ከባሕሩ ሥር የፋብሪካ ጋዝ ሊቀብሩበት የቆፈሩትን ጉድጓድ ዙሪያውን የደፈነው ይኸው ሲሚንቶ ነው፣ ጋዙ ይበላው እንደሆነ ለማየት ስድስት ወር አሲዳም ውሃ ውስጥ ዘፈዘፉት፣ ትናንት ደግመው ምስል አነሱት፣ አናቱ ላይ የነበረው ስንጥቅ ጠፋ። ድኗል አሉ። በራሱ ጊዜ ኖራ ሞልቶት። ምስል የምታነሳው እትዬ ኪኩኖ የባቄላ ኬክ ይዛ መጣች፣ አጎቴ ማኅተሙን ቀዩ ቀለም ላይ ጫን ጫን ያደርጋል፣ ሪፖርቱ ላይ ካሳረፈው ሰኞ ጋዙን ይለቁታል፣ አባቴ ዛጎል ከሚያወጣበት ባሕር ሥር።

አረፋዋስ? ጥርስ የምትመስለው አረፋ፣ ያኔ ምስል አርባ ላይ ነበረች፣ አሁን አምስት መቶ ስልሳ ላይ ናት። አጎቴ፣ እላለሁ፣ አይሰማም፣ አጎቴ፣ ብዪ እንጂ ከስተሻል እኮ ትላለች እትዬ ኪኩኖ ኬኩን አፍንጫዬ ሥር ደቅና፣ ማን ኬክ ጠየቀ፣ ሃያ ዓመት ሆስፒታል ሰው ራጅ ስታነሳ ኖራ፣ ማሽኑ በሽተኛው በራሱ በኩል ነው በእግሩ በኩል የገባው ብሎ ሲጠይቅ ትናንት በእግሩ የሚለውን ነክታ አለፈች፣ ያው ሲሚንቶ ነው ብላ፣ የምስሉ ቁጥር ሁሉ ከታች ወደ ላይ ሆነ፣ አናት የሚሉት ግርጌው ነው፣ ግርጌው ደግሞ ድሮም አልተሰነጠቀም።

ማኅተሙ ወረቀቱ ላይ ሊደርስ ነው። እጄ ቀድሞት አረፈ፣ የእኔ እጅ፣ ወረቀቱ ላይ።

ተገልብጧል፣ እላለሁ።

ሲሚንቶ ደግሞ ምን ራስ አለው፣ ትላለች እትዬ ኪኩኖ፣ ጠጉሩን ላበጥርለት? አጎቴም ይስቃል፣ ይሳቁ፣ ፊቴ እሳት ሆኗል፣ አምስት መቶ ስልሳን ክፈተው፣ እላለሁ፣ እጄን አላነሳም፣ እንዲያው ልቤ እንዲያርፍ ብሎ ይከፍታል። አረፋዋ። ከጎኗ ስንጥቁ፣ ፀጉር ያህል የነበረው አሁን የሩዝ ፍሬ ያስገባል።

አጎቴ ማኅተሙን ወደ ጎን ያኖራል።

እስከ የት ይወርዳል፣ ይለኛል አጎቴ፣ እኔን፣ ስክሪኑን ሳይሆን እኔን እያየ።

ወገቡን አልፏል፣ እላለሁ፣ ቆጥሬዋለሁ፣ ከጠዋት ጀምሮ እኮ ነው አጎቴ፣ አጎቴ የምልህ።