ብሩሽ ወይስ መርፌ

ከግድግዳዬ ማዶ ያሉት ሁለት እህትማማቾች ሸክላ ሠሪዎች ናቸው። ሲጨቃጨቁ ሬዲዮ መክፈት አያስፈልገኝም። ያን ዕለት ግን ጩኸቱ ከወትሮው ስለባሰ ተነሥቼ ገባሁ። ለማስታረቅ ነው ብል ማን ያምነኛል፤ ለማየት ነው።

ታላቂቱ፣ ሰፈሩ ሁሉ እቴቴ የሚላት፣ በአንድ እጇ ሳህን በሌላው ቀጭን ብሩሽ ይዛ ቆማለች። ፊቷ ከምድጃው ብሶ ግሏል። ጠረጴዛው ላይ አፉ ላይ መርፌ የተሰካበት ለስላሳ የፕላስቲክ ጠርሙስ አለ፤ ሲጨምቁት ሸክላው የሚሳልበት ቅብ እንደ ክር ይወጣል።

"ና አንተ ጎረቤት፣ ፍረድ!" አለችኝ። "እጅሽ ተንቀጥቅጧል፣ ጡረታ ውጪ ልትለኝ መርፌ ገዝታ መጣች! በሽተኛ ነኝ እኔ?"

"ታዲያ ሐኪሙ የታለ?" አልኩ፤ መቀለዴ ነው። ሁለቱም ባንዴ ገላመጡኝ።

ሳህኑን አየሁት። ጠርዙን የሚዞረው መስመር ፀጉር ማከል ሲገባው እዚህ ወፍሮ እዚያ ሳስቶ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። ቅቡ እሳት እስኪነካው ድረስ በእርጥብ ሰፍነግ ይጠረጋል፤ ከተተኮሰ በኋላ ግን አለቀ፣ የልጅ ልጅም ያየዋል። ትንሿ እህት ሰፍነግ ይዛ ምድጃው በር ላይ ተገትራለች።

"ይሄ ሳህን እዚህ አይገባም፣ እቴቴ!"

"ዞር በይ ከፊቴ! እኔ ይህን መስመር ስስል አንቺ አፍንጫሽን መጥረግ አታውቂም ነበር!"

"አይቻለሁ ስትስዪ! እያየሁ ሸበትኩ!" የትንሿ ድምፅ ተሰነጠቀ። "ደግሞ መርፌው ለአንቺ ነው ያለሽ ማነው? ለራሴ ነው የገዛሁት! ብሩሽሽን አንድ ቀን አስነክተሽኝ ታውቂያለሽ? 'ታበላሺብኛለሽ' እያልሽ! ጭቃ ማቡካቱ ለእኔ፣ ምድጃ ማንደዱ ለእኔ! እጅሽ ሲደክም ታዲያ በምን ልሳል? በጣቴ?"

እቴቴ ሰፍነጉን ከእህቷ እጅ መንጭቃ የገዛ መስመሯን እንደ ጠላት ፊት ፈገፈገችው። ሳህኑን ሸክላ ማዞሪያው ላይ ዘጭ አድርጋ ወንበሩን በእግሯ ገፋችላት።

"ተቀመጪ!"

"አልቀመጥም!"

"ተቀመጪ አልኩሽ! ብሩሹን ያዢው። ኧረ ቀስ፣ ዶሮ ልታንቂ ነው? ጫፉን ብቻ አስነኪው። ብሩሹን አታንቀሳቅሺ፣ ሳህኑን አዙሪ!"

ትንሿ እንባዋን እየዋጠች አዞረች። የወጣው መስመር ከመጥመሙ የተነሣ የእቴቴን የሚያስመሰግን ነበር።

"አየሽ? ታበላሺያለሽ አላልኩም?"

"እንግዲያው ተይኝ!"

"ማን ነው የሚተውሽ? ጥረጊና ድገሚ!"

እኔ ቀስ ብዬ ወጣሁ። ባለቤቴ በር ላይ ጠብቃ "ታረቁ?" አለችኝ።

"ምን መታረቅ" አልኳት፤ "ገና አሁን በወጉ ተጣሉ።"