የልብስ ሰፊዋ ባዶ መጽሐፍ

የመጋዘኑ ኃላፊ ከመደርደሪያው ጀርባ ተደብቆ ጥቅሉን በምላጭ ቀደደው። በሥራ ዘመኑ ስንቱን ካርቶን ከፍቷል፤ እንዲህ ያስፈራው ግን የለም።

"ደረሰልህ?" አለችው የግዢ ክፍሏ ሴትዮ በሩ ላይ ብቅ ብላ። በባንክ ካርዷ ከኢንተርኔት ያዘዘችለት እሷ ናት።

"ቀስ በይ እባክሽ፣ ሰው ይሰማል!"

"አይ አንተ! የገዛ ሚስቱን መጽሐፍ በስውር የሚገዛ ባል ገና ዛሬ አየሁ።"

ትሳቅበት። እሱ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፦ ያልገባ ዕቃ አይወጣም። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ግን ወራት ሙሉ "መጽሐፍ ሸጥኩ" እያለች ገንዘብ ይገባላታል፤ ቤታቸው ውስጥ አንድ መጽሐፍ ለመድኃኒት አይገኝም። አልጋ ሥር ገብቶ ፈልጓል። የጨርቅ ከረጢቶቿን በርብሯል። ቁም ሳጥን ላይ ወጥቶ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ሲጠይቃት መልሷ አይለወጥም።

"በኮምፒውተር አዘጋጅቼ ኢንተርኔት ላይ አስቀምጠዋለሁ። ሰው ሲያዝ ብቻ እነሱ አትመው ይልኩለታል። ለእኔ ድርሻዬን ይሰጡኛል።"

"ውስጡ ምን ተጽፏል?"

"ምንም። ለልብስ ሰፊዎች ነዋ! ደረት፣ ወገብ፣ ትከሻ ይላል፤ በስተቀኝ ባዶ መስመር አለው። የደንበኛውን ልክ ራሳቸው ይሞሉታል።"

ምንም ያልተጻፈበት መጽሐፍ! ታላቅ እህቱ ይህን ስትሰማ በሳቅ ፍርስ ነው ያለችው። "ወንድሜ ሙት፣ ባዶ ወረቀት በገንዘቡ የሚገዛ ሞኝ ምድር ላይ አለ? ገንዘቡን የሚልክላት ወንድ ቢኖር ነው እንጂ! 'ጠርጥር' ያሉት ላንተ ዓይነቱ ነው።" ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዐይኑ አልዞር አለ። የሚስቱ ስልክ ጢር ባለ ቁጥር አንገቱን ያሰግጋል።

ከጥቅሉ ግን መጽሐፍ ወጣ፣ እውነተኛ መጽሐፍ። ሽፋኑ ላይ የተጠመጠመ ሜትር ሥዕል፣ ከግርጌው የሚስቱ ስም ታትሟል። እፎይ አለ፤ ወዲያው ደግሞ እፍረቱ መጣበት። ያም ሆኖ የመጋዘን ሰው ነውና ሳይፈትሽ አይረከብም፤ ገለጥ ገለጥ አደረገው። በግራ በኩል ባሉት ገጾች ሁሉ ባዶዎቹ መስመሮች ገጾቹ ወደተጠረዙበት መጋጠሚያ ገብተው ተውጠዋል። በጉልበት ፈልቅቆ በብዕር ሞከረ፤ አልጻፍ አለው። ግማሹ መጽሐፍ ለምንም አይሆንም።

ማታ ቤት ሲገባ ሚስቱ ስፌቷን ትታ ኮምፒውተሯ ላይ አፍጣለች።

"ደግሞ አንዱ መጽሐፉን መለሰብኝ" አለችው ቀና ሳትል። "'አይረባም' ይላሉ፣ ምኑ እንደማይረባ አይናገሩም። እኔ ስክሪኑ ላይ ሳየው ምንም እንከን አይወጣለትም። አንዱን ለራሴ ላስመጣ ብል ደግሞ የመላኪያው ዋጋ አስደነገጠኝ።"

"እና ምን አሰብሽ?"

"ዛሬውኑ አጠፋዋለሁ። ያን ሁሉ ሌሊት ዐይኔን ያጠፋሁት ለስድብ ነው እንዴ?" እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ከዚያ በእንባዋ መሀል ፈገግ አለች። "ደግሞ እኮ በቅርቡ ከዚሁ ከአገራችን አንድ ሰው መጽሐፌን ገዝቶ ነበር። ማን ይሆን እያልኩ ደስታዬ! ለማን እንደምነግር ግራ ገብቶኝ ነው ዝም ያልኩት።"

ጃኬቱ ውስጥ ያለው መጽሐፍ ጎኑን ወጋው። ዝም ቢል ጉዱ ተዳፍኖ ይቀራል፤ መጽሐፉም አብሮ ይቀራል።

"ምናልባት... ሲታተም መስመሮቹ ወደ መሀል ገብተው ይሆናላ" አለ ጉሮሮውን ጠርጎ። "መጋጠሚያው ውጧቸው።"

እጇ ከኮምፒውተሩ ላይ ተነሣ። "አንተ ስለ መጽሐፍ መጋጠሚያ ምን ታውቃለህ?"

"ገመትኩ።"

"አንተ ገምተህ አታውቅም፤ ሳታይ አትናገርም። ማን አሳየህ?"

የግዢ ክፍሏ ሴትዮ ገዝታ ቢሮ ይዛው መጣች ቢል ያልፍለታል። ውሸቱ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሷል። የሚስቱን ዐይን አየ፤ ራሱ በጥርጣሬ ሲያያት የከረመበት ዐይን ነው። መጽሐፉን ከጃኬቱ አውጥቶ ስፌት መኪናው ላይ አስቀመጠው።

"የገዛሁት እኔ ነኝ።"

ሽፋኑን በጣቷ ነካ አደረገችው። መጽሐፏን በእጇ ስትነካ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ፊቷ በራ፤ ከዚያ ነገሩ ሲገባት ቀስ በቀስ ጠቆረ።

"ለምን አልጠየቅከኝም?"

"ጠይቄሽ ነበር" አላት። "መልስሽን ነው ያላመንኩት።"