ያልደረቀ ቀለም

ጣሪያው ዓይኑ እያየ ሰመጠ። ተወልደብርሃን የቀለም መርጫውን አስቀምጦ ጎንበስ አለ። የመዳፍ ያህል የምትሆነው የፕላስቲክ መኪና ሰማያዊውን ቀለም እንደጠጣች ተጨማደደች። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ቦሌ ሚካኤል የስንቱን መኪና ሲቀባ እንዲህ ያለ ጉድ ገጥሞት አያውቅም።

ከአጥሩ ወዲያ፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ የሰልስት ለቀስተኛ እየሞላ ነው። ሬሳ የለም። ልጁ ነህምያ ሰሜን ግንባር ወድቆ እዚያው ቀርቷል፤ ቤት የደረሰው መርዶው ብቻ ነው። ስለዚህ እንደ ወጉ ፎቶውና ልብሱ ወጥተው በእነሱ ላይ ይለቀሳል። ተወልደብርሃን ግን መኪናዋም ካልወጣች ብሎ ድርቅ አለ። ሴቶቹ ሐዘኑ አናቱ ላይ ወጣበት ብለው ተንሾካሾኩ። እነሱ ምን ያውቃሉ!

ነገሩ እንዲህ ነው። መኪናዋን ካገር የሚወጣ አንድ ፈረንጅ ሳትገጣጠም፣ ከነካርቶኗ ነበር ለነህምያ የሰጠው። ልጁ ሲገጣጥማት ወር ፈጀ። እንደ ካርቶኑ ሥዕል መሥራትማ ምን ሙያ አለው ብሎ ጭራዋን በምላጭ ቆረጠና በአባቱ ስቱኮ ሞልቶ ኋላዋ አጭር የሆነችውን ትንሿን ሰይቼንቶ ታክሲ አስመሰላት። ቀለሙን ግን ለባለሙያው ተወ። ካርቶኑ ውስጥ የነበሩትን ጣት የሚያካክሉ የቀለም ብልቃጦች ሲያሳየው አባትየው ሳቀበት። ይሄማ የእናትህ የጥፍር ቀለም ነው፣ እኔ የመኪና ቀለም እቀባልሃለሁ አለው። ዛሬ ነገ ሲል ልጁ ለብሔራዊ ውትድርና ተጠራ።

ከግንባር በሚልከው ደብዳቤ ሁሉ መጨረሻ ላይ ያቺኑ ይጠይቃል፤ መኪናዋ ተቀባች ወይ? ተወልደብርሃንም አንድ ቀን፣ ሥራ በዝቶበት፣ ቀብቻታለሁ፣ መደርደሪያ ላይ ሆና ትጠብቅሃለች ብሎ ጻፈ። ውሸቱን ነበር። የነህምያ የመጨረሻ ደብዳቤ በደስታ የተሞላ ነው። ስመጣ እውነተኛ ታክሲ ይዤ መጀመሪያ አንተን ላምበረት ድረስ አደርስሃለሁ ይላል።

ላሜራ ቀጥቃጩ ጎረቤቱ ኑሪ ሊጠራው መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። መኪናዋን አየ፣ የቀለሙን ቆርቆሮ አሸተተ።

«ቲነሩ ነው የበላት» አለ ቀስ ብሎ። «ፕላስቲክ እኮ ናት ወንድሜ። ላሜራ አይደለችም።»

«ለካ ያ የጥፍር ቀለም ብዬ የሳቅኩበት ነበር የሚሆናት» አለ ተወልደብርሃን።

ይሄኔ ሚስቱ ሃረገወይን የልጇን ፎቶ ታቅፋ ገባች። መኪናዋን ከጀርባው ሊሸሽግ ቃጣውና ተወው።

«ዋሽቼዋለሁ» አላት። «ቀብቻታለሁ ብዬ ጻፍኩለት። ዛሬ እንኳ እውነት ላደርገው ብዬ አበላሸኋት።»

ሃረገወይን የሰመጠውን ጣሪያ ብዙ አየችው።

«አምኖህ ነው የሞተው» አለች። ማጽናናትም ነበር፣ ወቀሳም። ከዚያ እጇን ዘረጋች። «አምጣት።»

ድንኳኑ መሃል፣ ከፎቶው ሥር፣ ከታጠፈው ሸሚዙ አጠገብ አኖረቻት። አስለቃሿ የነህምያን ስም ስትጠራ ለቀስተኛው ብድግ ብሎ ደረቱን መታ፤ የድንኳኑ አፈር ቦነነ። ተወልደብርሃን ዘልሎ ተንበረከከና አቧራ እንዳያርፍባት ሁለት መዳፉን በመኪናዋ ላይ ከደነ። ኑሪ ሊያነሳው ክንዱን ያዘው።

«ቆይ ኑሪ» አለው። «ገና አልደረቀችም።»