የኪኒኑ ልክ

ሰዓዲያ ባሏን ደግፋ ከሆስፒታሉ ሽንት ቤት ስታወጣው ዛሬ ጠዋት ብቻ አምስተኛው ነው። ከየካ አባዶ እዚህ እንጦጦ ግርጌ ድረስ ሲመጡም ታክሲውን ሁለቴ አስቁመዋል። ያ የስኳር ኩንታል ብቻውን የሚያወርደው የካራው ባለሱቅ ቶፊቅ፣ ዛሬ ሱሪው እንኳ ወገቡ ላይ አልቆም ብሎታል።

በሽታው የቆየ ነው፤ የገዛ ሰውነቱ አንጀቱን እንደ ባዕድ እየወጋ ያቆስለዋል። ይህን የሚያበርድለት ፕሬድኒሶሎን የሚባል ኪኒን ይውጣል። ዓምና ደም ሲያስቀምጠው ሐኪም ኪኒኑን እጥፍ አድርጎለት በሳምንቱ ተነሣ። ዘንድሮ ደሙ ሲመለስ ሰዓዲያ ማንንም አላማከረችም። በዓምናው የሐኪም ማዘዣ ገዝታ በቀን ከአራት ኪኒን ወደ ስምንት አሳደገችው። ጎረቤቱ "ሐኪሟ" ሲላት ደስ ይላት የለ! ቶፊቅ እንደሆነ ከመዳፏ የሚውጠውን ቆጥሮ አያውቅም። እየባሰበት ሲሄድም "ገና አልሠራም" ብላ ሦስት ሳምንት ገፋችበት።

ዶክተር ሰላማዊት ከቀናት በፊት የተደረገለትን የአንጀት ምርመራ ውጤት ይዛ ተቀመጠች።

"ያገረሸው የድሮው በሽታ አይደለም" አለች። "አንጀታቸው ውስጥ ቫይረስ አግኝተናል። ጤነኛ ሰው ላይ ተኝቶ የሚኖር ነው። ኪኒኑ የሰውነትን መከላከያ ሲያዳክመው ግን ይነሣል። መጠኑ በበዛ ቁጥር እሱም ይበረታል።"

ሰዓዲያ ክው አለች። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው! ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት፣ በገዛ እጇ... ያ አላህ!

"የቫይረሱን መድኃኒት በደም ሥር እንጀምራለን። ኪኒኑንም ቀስ እያልን እንቀንሳለን። በቀን አራት ነው አይደል?"

"አራት" አለ ቶፊቅ በደከመ ድምፅ። "እሷ እኮ ናት የምትሰጠኝ። ወላሂ ዶክተር፣ እንደሷ ያለ አስታማሚ የለም፤ አንድም ቀን አዛንፋ አታውቅም።"

"ጎሽ። ልኩን ማወቅ አለብን። ሰውነት የለመደውን በአንዴ ብናጎድልበት ተዝለፍልፈው ሊወድቁብን ይችላሉ።" እስክሪብቶዋን አነሣች። "እንግዲህ ከአራት ወደ ሦስት..."

ዝም ብትል ማን ያውቃል? ቤት ወስዳ በስውር ታስተካክለው ይሆናል። ሐሳቡ ሽው ሲልባት በራሷ ደነገጠች። አሁንም ሐኪም ልትሆን!

"ዶክተር፣ አትጻፊ" አለች።

"ምነው?"

ቶፊቅ ዘወር ብሎ አያት። ፈገግታው ገና ከፊቱ አልጠፋም ነበር። ሰዓዲያ ዶክተሯን ትታ ወደ እሱ ዞረች።

"ስምንት ነው የምሰጥህ" አለችው።